መሳቢያ ውስጥ የቀረችው ሚዛን

ጠዋት ዳቦ ገዝቶ ወደ ቤቱ የሚገባ ሰው ብዙ ነገር አይጠይቅም። ትኩስነቱን በእጁ ዳሰስ ያደርጋል፣ ዋጋው የትናንቱ መሆኑን ያረጋግጣል፣ ከፍሎ ይሄዳል። ይህ ታሪክ ግን ዳቦን መጠየቅ ሥራው ስለሆነ፣ ለዚህም ደመወዝ ስለሚከፈለው፣ ሆኖም አንድ ዓመት ሙሉ ሳይጠይቅ ስለከረመ ሰው ነው።

ሰውየው በማዕከላዊ ባንኩ የዋጋ ጥናት ክፍል ውስጥ መዝጋቢ ነበር። በየወሩ የመጀመሪያ ሳምንት ጥቁር ቦርሳውን አንግቶ ሦስት ገበያዎችን ያዳርሳል፤ የዘይቱን፣ የሳሙናውን፣ የሽንኩርቱን፣ የከሰሉን ዋጋ እየጠየቀ በቅጹ ላይ ያሰፍራል። እሱና አምስት ባልደረቦቹ የሚያመጡት ሁሉ ተሰልቶ በመጨረሻ አንድ ቁጥር ይወጣል፤ የዋጋ ንረት የሚባለው እሱ ነው። በየሦስት ወሩ ሰባት ሰዎች በባንኩ አራተኛ ፎቅ፣ በረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጡና ያንን ቁጥር አይተው ወለድ ከፍ ይበል ወይስ ዝቅ ይበል ብለው ይወስናሉ። ቁጥሩ በሬዲዮ ሲነገር መዝጋቢው ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ስሙ አይጠራም። ግን እዚያ ውስጥ እንዳለበት ያውቃል፤ ለእሱ ይህ ይበቃው ነበር።

ሥራውን የሚወድ ሰው ነው። ቅጹ ላይ ስርዝ ድልዝ አይታይም፤ ዝናብም ሆነ ጉንፋን ከገበያ አስቀርቶት አያውቅም። አንዲት ጉድለት ብቻ ነበረችበት፤ እሷም በጠረጴዛው ታችኛው መሳቢያ፣ ከአሮጌ ጋዜጦች ሥር ተኝታ ነበር።

መመሪያው ዳቦ ተመዝኖ ይመዝገብ ይላል። ለዚህም ለእያንዳንዱ መዝጋቢ በእጅ የምትያዝ ትንሽ ሚዛን ተሰጥቶታል። መዝጋቢውም መጀመሪያ ሰሞን ይዟት ይወጣ ነበር። አንድ ቀን ግን ዳቦ ቤት ተሰልፎ ሚዛኗን ከቦርሳው ሲያወጣ ጋጋሪው አየው። ጋጋሪው ምላሱ ከምድጃው ይልቅ የሚፋጅ ሰው ነው። “ዞር በሉለት እንጂ፣ ወርቅ ገዢው መጣ” አለ። ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። በማግስቱ ሻይ ቤት ሲገባ አስተናጋጇ ሳትቀር፣ “ወርቅ ገዢው ምን ልታዘዝ?” አለችው። ሰውየው ሲስቁበት አይወድም። ሚዛኗ መሳቢያ ገባች፤ ከዚያ ወዲያ ክብደት በሚለው ሳጥን ውስጥ ያለፈውን ወር እያየ መቶ ግራም ብሎ ይሞላ ጀመር። ዳቦው ያው ዳቦ፣ ጋጋሪው ያው ጋጋሪ፣ ዋጋውም ያው ዋጋ ነው። ምን ይለወጣል?

እሑድ እሑድ ቁርሱን የሚበላው ከታላቅ እህቱ ቤት ነው። እናታቸውም የምትኖረው እዚያው ነው። እህቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ የምትሠራው በኪራይ ማሽን ሲሆን ሁለት ሴት ልጆቿን የምታሳድገው በዚያው ነው። ባሏ ካረፈ አራት ዓመት ሆነው። ስለ እሱ ብዙም አታወራም። ኮቱ ግን ከማሽኑ ጀርባ ባለው ሚስማር ላይ እንደተሰቀለ ነው፤ ልጆቹም ቤቱን ሲያጸዱ አቧራውን አራግፈው መልሰው እዚያው ይሰቅሉታል።

የዚያን እሑድ ቅርጫቱ ወደ ጠረጴዛው ሲመጣ ሰባት ዳቦ ነበረበት። መዝጋቢው ቆጠረና እንግዳ አለ እንዴ ብሎ ቀለደ።

“እንግዳስ አንተ ነህ” አለች እናቱ። “ሚስት አግባና የራስህን ቅርጫት ቁጠር።”

ልጆቹ ሳቁ። እህቱ ግን ሻዩን እየቀዳች፣ ለአምስት ሰው አምስት ዳቦ ይበቃ የነበረው አምና መሆኑን፣ ከዚያ ስድስት እንዳደረገችው፣ አሁን ደግሞ ሰባት ካልገዛች ትንሿ ሳትጠግብ እንደምትነሣ ነገረችው። መዝጋቢው ልጆች ሲያድጉ ብዙ ይበላሉ አላት። ዳቦ እንደሆነ አልጨመረም፤ ራሱ በየወሩ ይመዘግበዋል፤ ባለፈው ሳምንት በሬዲዮም ተነግሯል።

ነገሩ ቀልድ መሆኑ ያበቃው እዚህ ላይ ነው። እህቱ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች። የራሷን ማሽን ለመግዛት ባንክ ገንዘብ ማስቀመጥ ከጀመረች አሥር ወሯ ነው። ስትጀምር የማሽኑ ዋጋ የአሥራ ሁለት ወር ቁጠባዋ ነበር። አርብ ዕለት ሄዳ ስትጠይቅ ግን ሁለት ወር ይቀራታል የተባለው አራት ወር ሆኗል። ባንኩ የሚያስብላት ወለድ ክር አይገዛም።

“እኔ እኮ አልተማርኩም” አለችው። “አንተ ንገረኝ። ዋጋ ካልጨመረ ማሽኑ ለምን ይሸሸኛል?”

“እታለም፣ አንድ ማሽን አይተሽ አገሩን አትለኪ። እኛ ስንት መቶ ዕቃ ነው የምንመዘግበው።”

እህቱ ከቅርጫቱ አንድ ዳቦ አነሣችና መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። “ይኼንንስ መዝግበኸዋል?”

ዳቦው ሙሉ ይመስላል፤ ተነፍቷል፣ ወዙም ጥሩ ነው። መዳፉ ግን ሌላ ነገር ነገረው። ቆርሶ በላ፤ ሻዩን ግን አልጨረሰም።

ሰኞ ጠዋት ከሁሉም ቀድሞ ቢሮ ገባ። ጋዜጦቹን አንሥቶ ሚዛኗን አወጣት፤ አቧራዋን በመሐረቡ ጠረገና ወደ ዳቦ ቤቱ ሄደ። ጋጋሪው ገና ከበሩ ሲያየው ሳቅ አለ፤ “ወርቅ ገዢው፣ ጠፍተህ ከረምክ” አለው። መዝጋቢው ዳቦውን መዘነ። ሰባ ግራም። ሌላ ጨመረ፤ እሱም ሰባ። ሦስተኛው ከሰባም አንድ ግራም ጎደለ።

ጋጋሪው ሳቁን አቆመ። ወደ ጥግ ወስዶት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ምን ላድርግ ወዳጄ?” አለው። ዱቄት በየወሩ ይጨምርበታል። ዋጋ የጨመረ ለት ሰልፉ በሙሉ እሱ ላይ ይጮኻል፤ ከሊጡ ትንሽ ቆንጠር ሲያደርግ ግን የሚናገረው የለም። በየወሩ ሁለት ሦስት ግራም እያለ እዚህ ደረሰ። “ደግሞ አንተም ታውቅ ነበር ብዬ ነው” አለው በመጨረሻ። “በየወሩ እየመጣህ አየት አድርገህ ትሄዳለህ። መንግሥት ካወቀልኝ ብዬ እኔም ተረጋጋሁ።”

መዝጋቢው ሁለት ሌሎች ዳቦ ቤቶችንም አዳረሰ። አንዱ ዘንድ ሰባ ሁለት፣ አንዱ ዘንድ ስልሳ ስምንት ግራም አገኘ። ከዚያ ሻይ ቤት ገብቶ ተቀመጠ።

ሐሙስ ሰባቱ ሰዎች እንደሚሰበሰቡ ያውቃል። ቁጥሩ የተረጋጋ ስለሆነ ወለድ ሊቀንሱ እንዳሰቡ የመዝጋቢዎቹ ኃላፊ ባለፈው ሳምንት ደስ ብሏት ነግራቸዋለች። እሱ ደግሞ ዓመት የጠበቀው የአስተባባሪነት ዕድገት በዚሁ ወር ይፈረማል፤ ዝርዝሩ ላይ የመጀመሪያው ስም የእሱ ነው። እውነቱን ቢጽፍ የዳቦ ዋጋ በአንድ ወር ሲዘል ይታያል፤ ለምን ተብሎም ይጠየቃል። እዚያው ተቀምጦ ሌላ መንገድ ታየው። በዚህ ወር ዘጠና አምስት ግራም ብሎ ይጽፋል፣ በሚቀጥለው ዘጠና፣ ቀጥሎ ሰማንያ አምስት፤ በስድስት ወር ውስጥ ማንም ሳያየው እውነቱ ላይ ይደርሳል። ውሸትም አይደለም አለ ለራሱ፤ የዘገየ እውነት ነው። ልክ ጋጋሪው ሊጡን እንደቆነጠረው ሁሉ እሱም ቁጥሩን ሊቆነጥር መሆኑ የታየው ሻዩን ጠጥቶ ሊነሣ ሲል ነው። በስድስቱ ወር ውስጥ የእህቱ ማሽን ስንት ወር እንደሚርቅም አሰበ። ብዕሩን ኪሱ ከተተና ወጣ።

ኃላፊያቸው ከእሱ በዕድሜ የምታንስ የኢኮኖሚክስ ምሩቅ ናት። ሚዛኗን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠና አንድም ሳያስቀር ነገራት። ስለ ሰልፉ ሳቅም ነገራት፤ ከሁሉ ያፈረው በዚህኛው ነበር። እሷ ግን አልሳቀችም። የሌሎቹስ ሚዛን የት እንዳለ ጠየቀችው። መዝጋቢው ባልደረቦቹን አሳልፎ መስጠት አልፈለገም፤ የራሱን ብቻ እንደሚያውቅ ተናገረ። በሆዱ ግን አምስት ሌሎች መሳቢያዎች ታዩት።

“አንዲት ዳቦ ይህን ያህል ለውጥ ታመጣለች ብዬ አላሰብኩም” አላት።

“ጋሼ፣ ላይ ያሉት ሰዎች ዳቦውን አያዩትም” አለችው። “የሚያዩት እርስዎ የጻፉትን ነው። ዋጋ ተረጋግቷል ካልናቸው ወለዱን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ብድር ይረክሳል፤ ገንዘቡ ገበያው ላይ ይበዛል፤ ዋጋው የባሰ ይሮጣል። ቆጥቦ ያስቀመጠው ሰው እጁ ላይ ያልቅበታል። ማንም ክፉ አልሠራም፤ ግን ሆነ።”

መዝጋቢው ቆጥባ ያስቀመጠችውን አንዲት ሴት ያውቃታል።

ማክሰኞና ረቡዕ ስድስቱም መዝጋቢዎች ሚዛናቸውን ይዘው ወጡ። ከአምስቱ ባልደረቦቹ የአራቱ ሚዛን የጠፋ ዕቃ ሲፈለግ እንደሚደረገው ከመሳቢያና ከቁም ሳጥን ጥግ ተለቅሞ ነው የተገኘው፤ አምስተኛው አንዷ ባልደረባቸው ቤት ቅመም ሲመዘንበት ከርሟል። ሐሙስ ቁጥሩ ታርሞ አራተኛ ፎቅ ወጣ። ሰባቱ ሰዎች እስከ ከሰዓት ተከራከሩ፤ ወለዱንም ሳይቀንሱት ተነሡ። በሚቀጥለው ስብሰባ ጨመሩት። ባንኩ ስህተቱን በጋዜጣ አወጣ፤ ሁለት ቀን ተተቸና አለፈ።

መዝጋቢው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰው፤ ዕድገቱም ለአንድ ዓመት ተላለፈ። ጋጋሪውም ከጉዳቱ አላመለጠም፤ ለአዲስ ምድጃ ሊበደር ያሰበው ገንዘብ ወለዱ ስለከበደ ዕቅዱን አቆየው፤ ለዚህም ወርቅ ገዢውን በሰልፍ ፊት ሲራገም ሰነበተ። ቢሆንም በሩ ላይ የዳቦውን ክብደት በኖራ ጻፈ፤ ዋጋም ጨመረ። የፈራውን ያህል አልተጮኸበትም። ሰው የሚገዛውን ሲያውቅ አጉረምርሞ ይከፍላል።

የዋጋው ሩጫ በአንድ ጀንበር አልቆመም። ግን ቀስ አለ። ባንኮች ለቆጣቢ የሚያስቡትን ወለድ ከፍ አደረጉ፤ የማሽኑም ዋጋ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለት ወር ባለበት ቆመ። እህቱ ከዚያ እሑድ በኋላ በሰባተኛው ወር ገዛችው። ዘግይቷል፤ ግን የራሷ ነው። ያን ዕለት ልጆቹ ሲነኩት በቆሸሸ እጅ እንዳይሆን እናትየው በር ላይ ቆማ ታስታጥባቸው ነበር።

በሳምንቱ እሑድ መዝጋቢው ለቁርስ ሲመጣ እህቱ አንድ ነገር በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችው። ትንሽ ቦርሳ ናት፤ ማንገቻ አላት፣ ክዳኗ በቁልፍ ይዘጋል፣ ሚዛኗንም በልኳ ትይዛለች። በአዲሱ ማሽን የተሰፋች የመጀመሪያዋ ሥራ ነበረች። ጨርቁ ወፍራም ጥቁር ግራጫ ሱፍ ነው። መዝጋቢው ዓይቶት ያውቃል። ከማሽኑ ጀርባ ያለው ሚስማር ባዶውን ነበር። ቦርሳዋን ትከሻው ላይ አንግቶ ተቀመጠ። ዳቦውን አቀረበችለት።

እኛም እንዲሁ ነን። ትንሽ ናት ብለን፣ ወይም ሲስቁብን አፍረን፣ መሳቢያ ውስጥ የተውናት ሥራ ከብዙዎቻችን አትጠፋም። የአገር ገንዘብ የሚጠበቀው በአራተኛ ፎቅ ብቻ ይመስለናል። የሚጠበቀው ግን እዚያ የሚደርሰው ወረቀት እውነት ሲሆን ነው፤ ወረቀቱን ደግሞ የምንጽፈው እኛ ነን።

ሰኞ መዝጋቢው ቦርሳዋን አንግቶ ዳቦ ቤቱ ተሰለፈ። ጋጋሪው ከሩቅ አየውና እንደ ልማዱ ሰልፉን ዞር በሉለት አለ። ሰውም ሳቀ። መዝጋቢው አብሯቸው ሳቀና ሚዛኗን አወጣ።