ሃያ ደቂቃ ያልተነካ ገጽ

በደባርቅ የአንድ አስጎብኚዎች ማኅበር ተራ መዳቢ የነበረው ላቀው፣ በጥቅምት 2007 ዓ.ም. አንድ ማክሰኞ ጠዋት ከቢሮው ጓሮ የድንጋይ ደረጃ ሥር ሞቶ ተገኘ። ማጅራቱ ላይ ተመትቷል። ድንጋዩም እዚያው ነበር፤ የደበቀው የለም።

«ማታ ጓሮ አልዞሩም?» አለች ኢንስፔክተር አገርነሽ።

«ብርድ ነው» አሉ ዘበኛው ጋሽ የሺዋስ።

ከሟቹ ኪስ የአሥር ሰው ስም የተጻፈበት ወረቀት ወጣ። አገርነሽ ለጸሐፊዋ ለጤናዬ አሳየቻት።

«ተራ የምትመድቡት በኮምፒውተር አይደል?»

«ገጹ ሃያ ደቂቃ ካልተነካ ራሱ ተዘግቶ የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ያልተመዘገበው ይጠፋል። ላቀው ወሬ ይወዳል፤ ስንቴ ጠፋበት። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ ወረቀት ላይ ይጽፋል።»

«ትናንት የት ነበርሽ?»

«ከአሥር ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት ተኩል ለቅሶ ቤት። ስመለስ የለም። ቤቱ የገባ መስሎኝ አንድ ተኩል ላይ ዘግቼ ወጣሁ።»

አስጎብኚው ደርቤ ግን ሌላ ተናገረ። «አንድ ሰዓት ላይ የዳባት ሚኒባስ ልሳፈር ሳልፍ በመስኮት አየሁት። የዛሬውን ተራ ይጽፋል። አምስተኛ አድርጎኛል፤ ስክሪኑ ላይ አነበብኩት።»

ይህ እውነት ከሆነ በሰዓቱ ከላቀው ጋር የነበረችው ጤናዬ ብቻ ናት። ኮንስታብሉ ካቴናውን ይዞ በሩ ላይ ቆመ። ጤናዬ ካቴናውን አይታ፣ ልጇን ከመዋያ ማን እንደሚያመጣላት ጠየቀች።

አገርነሽ ሁሉንም ቢሮው ውስጥ ሰበሰበች። ጤናዬን ገጹን አስከፈተቻት፤ አንድ ስም አስጻፈቻት። «ማንም እንዳይነካው» ብላ ተቀመጠች።

ጎንደር ላለው የፕሮግራሙ ባለሙያ ደውላ ነበር። እሱ የነገራትን፣ የለቀስተኞቹን ቃል፣ ወረቀቱን እያነሳች ሳትቸኩል አስረዳች።

«ላቀው ገጹን መጨረሻ የነካው አሥራ አንድ ከአርባ ሁለት ነው። ተመልሶ አልገባም። ጤናዬ ያን ጊዜ ለቅሶ ቤት ናት፤ ግማሽ ከተማው አይቷታል። ደርቤ፣ አምስተኛ ነኝ አልክ።»

«ነኝ።»

«ልክ ነህ። ወረቀቱም አምስተኛ ይላል። ግን ወረቀቱ ኪሱ ውስጥ ነበር። ተራውም አልተመዘገበም፤ ከገጹ ጋር ጠፍቷል። ስክሪን ላይ ካነበብከው፣ ገጹ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሁለት ደቂቃ ላይ ከመዘጋቱ በፊት ነው። ለምን አንድ ሰዓት ነው አልክ?»



ስክሪኑ ነጭ ሆነ። ጤናዬ የጻፈችው ስም ጠፋ፤ የይለፍ ቃል ጠየቀ።

«ሃያ ደቂቃ ሞላ» አለች አገርነሽ። «አንድ ሰዓት ላይ በመስኮት የሚታየው ይኸው ነው።»

ደርቤ ስክሪኑን አየው። «ተራራው ላይ፣ ጊች ካምፕ፣ እንግዳ ጥለህ መጣህ ብሎ ከአንደኛ አምስተኛ አወረደኝ። ለመንኩት። መልስ ሳይሰጠኝ ወደ ጓሮ ወጣ።»

«ተከተልከው።»

«ተከተልኩት።»

ካቴናው ክፍሉን አቋርጦ ደርቤ እጅ ላይ ገባ። ጋሽ የሺዋስ በሩን ከፈቱላቸው።

ጤናዬ የይለፍ ቃሉን መታች። «እንግዶቹ ውጭ እየጠበቁ ነው። ተራውን ምን ላድርግ?»

አገርነሽ ወረቀቱን ሰጠቻት። «እንዳለ ገልብጪው።»

ጤናዬ አራት ስም ጽፋ ቆመች።

«ስድስተኛውን አምስተኛ አድርጊው» አለች አገርነሽ። «ቶሎ በይ፣ ሳይዘጋብሽ።»