ውዳሴ መነሻ የላትም

እስቲ ጠጋ በሉ፣ ስለ ውዳሴ ልንገራችሁ።

ውዳሴ ስድስት ዓመቷ ነው። ከእናቷ ጋር ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች።

ዛሬ ውዳሴ ተናዳለች። በጣም ተናዳለች! ጉንጮቿ እንደ ፊኛ ተነፍተዋል።

ማን አናደዳት? ኢዮስያስ ነዋ!

ኢዮስያስ ትልቅ ልጅ ነው። ሁልጊዜ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ኮሚክ ይሠራል። በአሮጌ የቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይ ጀግኖችን ይሥላል፣ ቀለም ይቀባቸዋል፣ ከዚያ ገጾቹን በመርፌና በክር ይሰፋቸዋል።

ጀግኖቹ የሰፈሩ ልጆች ናቸው። እያንዳንዱ ጀግና የራሱ ገጽ አለው።

ፉአድ ገጽ አለው። አንድ ቀን መብረቅ «ጧ!» ብሎ መታውና ከእጁ እሳት መውጣት ጀመረ። እንደዚያ ይላል ፉአድ።

ሲፈን ገጽ አላት። በካርቶን ተቀምጣ ከኮከብ ወረደችና እንደ ወፍ መብረር ጀመረች። እንደዚያ ትላለች ሲፈን።

ውዳሴስ? ውዳሴ ገጽ የላትም።

«ለምንድን ነው የሌለኝ?» አለች ውዳሴ።

«መነሻ የለሽማ!» አለ ኢዮስያስ፣ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ። «ጀግና ሁሉ መነሻ አለው። ኃይሉ ከየት እንደመጣ መታወቅ አለበት። መነሻ ከሌለ፣ ገጽ የለም።»

«ታዲያ ስንጫወት እኔ ምን ልሁን?»

«አንቺን እናድንሻለን። እዚያ ጋ ቁሚና ‹አድኑኝ! አድኑኝ!› በይ።»

ውዳሴ ትናንትም «አድኑኝ!» ስትል ነው የዋለችው። ከትናንት ወዲያም እንደዚሁ። ድምጿ እስኪዘጋ ድረስ!

«አንድ ባዶ ገጽ ቀርቶኛል» አለ ኢዮስያስ። «ሲመሽ መጽሐፉን እሰፋዋለሁ። ከተሰፋ በኋላ እንግዲህ አለቀ።»

«ኡፍ! አሁንስ በቃኝ!» አለች ውዳሴ።

መነሻዋን ልትፈልግ ደረጃውን ወረደች። ዱብ! ዱብ! ዱብ!

ውጭ ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው። ከጣሪያው ጠርዝ ላይ አንዲት ጠብታ ተንጠልጥላለች። ጸሐይ አርፋባት እንደ ብርጭቆ ታበራለች።

«ይቺ ጠብታ አስማተኛ ናት!» አለች ውዳሴ። «ራሴ ላይ ስታርፍ ኃይል ይሰጠኛል።»

ከጠብታዋ ሥር ቆመች። ዓይኗን ጨፈነች። ጠብታዋ ወፈረች... ወፈረች... ልትወድቅ ነው...

«ውዳሴ! አንቺ ውዳሴ!»

እማማ ስንቄ ናቸው። መሬት ላይ ያለው ቤት የእሳቸው ነው። በመስኮቱ አንገታቸውን ብቅ አድርገዋል።

«ነይማ የኔ ቆንጆ! እላይ ሀያት ጋ ውጪና ወንፊቷን ተቀብለሽልኝ ነይ። ዱቄት ልነፋ ነው።»

በዚህ ሰፈር ልጅ የሁሉም ልጅ ነው። ትልቅ ሰው ከላከ «እምቢ» አይባልም።

እማማ ስንቄ መሬት ላይ «እንትፍ!» አሉ። «ምራቄ ሳይደርቅ!» አሉ።

እንግዲህ መሮጥ ነው። ምራቁ ሳይደርቅ መመለስ ነው።

«ኡፍ! አሁንስ በቃኝ!» አለች ውዳሴ በሆዷ።

ወደ ላይ፣ ዱብ! ዱብ! ዱብ! እትዬ ሀያት የፉአድ እናት ናቸው። ቤታቸው ከሁሉም በላይ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው።

ወንፊቱን ይዛ ወደ ታች፣ ዱብ! ዱብ! ዱብ!

እማማ ስንቄ ምራቃቸውን አዩት። አልደረቀም።

«እደጊ! ተመንደጊ!» ብለው መረቋት።

ውዳሴ ግን አሁን ማደግ አይደለም የፈለገችው። መነሻ ነው የፈለገችው!

ሮጣ ወደ ጠብታዋ ሄደች። ጠብታዋ የለችም። የግቢው ድመት ራስ ላይ ወድቃለች።

ድመቷ በረረች? አልበረረችም። ጭንቅላቷን አራገፈችና ሄደች።

ውዳሴ ግቢውን ስትዞር አጥሩ ሥር ጢንዚዛ አገኘች። አረንጓዴ ጢንዚዛ! ጀርባዋ ያብለጨልጫል።

«ንከሺኝ» አለቻት ውዳሴ፣ ጣቷን ዘርግታ። «ትንሽ ብቻ። ኃይል እንዲሰጠኝ ያህል።»

ጢንዚዛዋ ጣቷን አየችው። ቀንዶቿን አወዛወዘች። አንድ እግሯን አነሳች...

«ውዳሴ! አንቺ ውዳሴ!»

ሁለተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩት ጋሽ ሙላት ናቸው። የግቢው በር ላይ ቆመው ዓይናቸውን ያጨናብሳሉ።

«መነጽሬን ቤት ረስቼው ወጣሁ፣ የኔ ልጅ። ዳማ እየተጫወትን ነው፣ ከልብስ ሰፊው ጀርባ። ጓደኛዬ እያታለለ ቆርኪዬን በላብኝ! ቁልፌን እንኪ፣ ሂጂ አምጪልኝ።»

«እንትፍ!» አሉ ጋሽ ሙላት። «ምራቄ ሳይደርቅ!»

«ኡፍ! አሁንስ በቃኝ!» አለች ውዳሴ በሆዷ።

ወደ ላይ፣ ዱብ! ዱብ! ዱብ! ወደ ታች፣ ዱብ! ዱብ! ዱብ! በልብስ ሰፊው በኩል ዞራ፣ ከዛፉ ጥላ ሥር መነጽሩንና ቁልፋቸውን ለጋሽ ሙላት ሰጠቻቸው።

«እንዴ! መጣሽ እንዴ?» አሉ ጋሽ ሙላት። «እደጊ! ተመንደጊ!»

ስትመለስ ጢንዚዛዋ የለችም። ቢዝዝዝ ብላ ሄዳለች። ሳትነክሳት!

ውዳሴ እግሯን መሬት ላይ ደበደበች። ቀኑ እየመሸ ነው። ኢዮስያስ መርፌው ውስጥ ክር እያስገባ ነው።

ከዚያ የሲፈንን ካርቶን አየች። ባዶውን ተቀምጧል።

ዘላ ገባች። ጉልበቷን አጠፈች። «ወደ ኮከብ ልሄድ ነው!» አለች። «ሦስት! ሁለት! አን...»

«ውዳሴ! አንቺ ውዳሴ!»

እማማ ስንቄ ናቸው። አሁንም እማማ ስንቄ! እጃቸው ላይ ደግሞ ምን ይዘዋል? ወንፊት!

«ጨርሻለሁ፣ የኔ ቆንጆ። ለሀያት መልሺላት።»

ያንኑ ወንፊት! ያንኑ አራተኛ ፎቅ!

«እንትፍ!» አሉ እማማ ስንቄ። «ምራቄ ሳይደርቅ!»

አሁን ውዳሴ በሆዷ አልተናገረችም። ደረጃው ውስጥ ገብታ፣ ማንም እንደማይሰማት ስታይ፣ ጮኸች፦

«ኡፍ! አሁንስ በቃኝ! በቃኝ! በቃኝ!»

አራተኛ ፎቅ ስትደርስ ግን ቀጥ ብላ ቆመች።

እትዬ ሀያት ከቤታቸው በር ውጭ ቆመዋል። ጫማ አላደረጉም። እጃቸው ራሳቸው ላይ ነው።

«ልብስ ላሰጣ ብቅ ብዬ ነፋሱ በሩን ዘጋብኝ!» አሉ። «ቁልፌም ውስጥ ነው! ስልኬም ውስጥ ነው! አሚርም ውስጥ ነው!»

አሚር የፉአድ ወንድም ነው። ገና መራመድ መጀመሩ ነው።

በሩ ውስጥ ሆኖ በማንኪያ ይመታል። ኳ! ኳ! ኳ!

«ሽሮው እሳት ላይ ነው!» አሉ እትዬ ሀያት። በበሩ ሥር የሚያር ሽሮ ይሸታል።

ፉአድም እዚያው አለ። አንገቱ ላይ እንደ ጀግና ፎጣ አስሯል። ሲፈንም አለች። ኢዮስያስም መርፌውን ይዞ መጥቷል።

«ፉአድ፣ በሩን በእሳትህ ክፈተው!» አለ ኢዮስያስ።

ፉአድ እጁን አየው። «ዛሬ... ዛሬ መብረቅ የለም» አለና ማልቀስ ጀመረ።

«ሲፈን፣ በመስኮት ብረሪ!»

ሲፈን ወደ ታች አየች። አራት ፎቅ! «ኮከብ ገና አልወጣም» አለች።

ኳ! ኳ! ኳ! አለ አሚር።

«ሌላ ቁልፍ ጋሽ ሙላት ጋ አለ» አሉ እትዬ ሀያት። «ቤታቸው አንኳኳሁ፣ የሉም። የት እንደሄዱ ማን ያውቃል?»

«እኔ!» አለች ውዳሴ።

እትዬ ሀያት አዩዋት። ከዚያ ደረጃው ላይ «እንትፍ!» አሉ።

«ምራቄ ሳይደርቅ፣ የኔ እናት!»

ውዳሴ አሁን «ኡፍ» አላለችም። ጊዜም የላትም።

ወንፊቱን ራሷ ላይ ደፋችውና ተወነጨፈች። ዱብ! ዱብ! ዱብ! ዱብ! ዱብ!

የሚያዳልጠውን ደረጃ ታውቀዋለች፤ ዘለለችው። አቋራጩን ታውቀዋለች፤ በልብስ ማስጫው ገመድ ሥር ሾለከች። በልብስ ሰፊው በኩል ዞረች።

«ጋሽ ሙላት! የእትዬ ሀያትን ቁልፍ!»

«ቆይ አንዴ» አሉ ጋሽ ሙላት ቀና ሳይሉ። «ይቺን ቆርኪ ልብላና...»

«ጋሽ ሙላት! አሚር ተቆልፎበታል!»

ጋሽ ሙላት ብድግ አሉ። ዳማው ተገለበጠ፤ ቆርኪዎቹ ተበተኑ። ጉልበታቸውን ይዘው «ወይኔ!» አሉ።

«እርስዎ ቀስ ብለው ይምጡ። ቁልፉን ይስጡኝ!»

ከራሳቸው ቁልፍ ጋር ያሰሩትን ቁልፍ ከኪሳቸው አወጡ። ውዳሴ ጨብጣው በረረች። በልብስ ሰፊው በኩል፣ በልብሶቹ ሥር፣ ደረጃውን ወደ ላይ፣ ዱብ! ዱብ! ዱብ! ዱብ! ዱብ!

ቀጭ! በሩ ተከፈተ።

እትዬ ሀያት ዘለው እሳቱን አጠፉ። ሽሮው አሯል። ከሰል መስሏል።

አሚርስ? አሚር መሬት ላይ ቁጭ ብሎ የድስቱን ክዳን በማንኪያ ይመታል። ኳ! ኳ! ሰዎች ሲያይ ሳቀ።

እናቱ አንስተው እቅፍ አደረጉት። ውዳሴንም ከነወንፊቷ እቅፍ አደረጉ።

«እዩ!» አለች ሲፈን፣ ደረጃውን እያሳየች።

ሁሉም ጎንበስ ብለው አዩ። ምራቁ አልደረቀም።

ኢዮስያስ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አወረደ።

«ውዳሴ» አለ ቀስ ብሎ። «እንዲህ ያለ ሩጫ ከየት አመጣሽ? መነሻሽ ምንድን ነው?»

ኧረ ምነው ባልጠየቃት! ውዳሴ ፈነዳች።

«የለኝም አልኩህ! መብረቅ አልመታኝም! ከኮከብ አልወረድኩም! ጢንዚዛ እንኳ ንቃኝ ሄደች! ዝም ብለው ይልኩኛል! ቁርሴን ሳልውጥ ይልኩኛል! ‹ወንፊት አምጪ› ይሉኛል፣ ‹ወንፊት መልሺ› ይሉኛል! እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ፣ እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ! መነሻ የምፈልግበት ጊዜ ራሱ የለኝም!»

ኢዮስያስ አጎነበሰ። እርሳሱ ጫር ጫር ጫር ይላል ወረቀቱ ላይ።

«ቀጥዪ» አላት።

«ምን ልቀጥል?»

«ከወንፊቱ በኋላ ያለውን። እየሣልኩት ነው።»

ውዳሴ ጎንበስ ብላ አየች። ባዶው ገጽ ባዶ አይደለም!

መጀመሪያ አንድ ትልቅ አፍ አለ፦ «እንትፍ!» ከሥሩ አንዲት ልጅ በደረጃ ትሮጣለች። ከፍጥነቷ የተነሳ እግሯ አይታይም። ራሷ ላይ ወንፊት ደፍታለች።

«ሃሃ! የጀግና መነሻ ምራቅ ነው እንዴ?» አለ ፉአድ እንባውን በፎጣው እየጠረገ።

ሲፈን ግን አልሳቀችም። «እኔ ሲጠሩኝ አልጋ ሥር ነው የምደበቀው» አለች።

«እኔም» አለ ፉአድ። ጆሮው ቀላ።

ሲፈን ትንሽ አሰበች። ከዚያ ሮጣ ወረደችና የእማማ ስንቄን በር መታች። ኳ! ኳ! ኳ!

«እማማ ስንቄ! ይላኩኝ!»

ፉአድም ደረሰ። «እኔንም! እኔንም ይላኩኝ!»

«አሁን ምንም የምልከው የለኝ!» አሉ እማማ ስንቄ።

«ይፈልጉና ይላኩን!»

«ኧረ በሕግ አምላክ!» አሉ እማማ ስንቄ። «ምን ዓይነት ልጆች ናችሁ!»

ሲመሽ ኢዮስያስ መጽሐፉን ሰፋው። የመጨረሻው ገጽ የውዳሴ ነው።

«ዛሬ አንቺ ጋ ይደር» አላት።

የውዳሴ እናት ከሥራ ገቡ። ከነልብሳቸው አልጋው ላይ ጋደም ብለው መጽሐፉን አነበቡላት። ውዳሴ ከጎናቸው ተለጥፋ ሰማች።

«ድገሚልኝ» አለች።

እማዬ ደገሙላት።

«የኔን ገጽ ብቻ፣ አንዴ!»

እማዬ ደገሙላት። ድምጻቸው እየቀነሰ መጣ።

«አሁንም! የመጨረሻ! እውነቴን ነው፣ የመጨረሻ!»

«ከዕለታት... አንድ ቀን... ውዳሴ... ወንፊት...» አሉ እማዬ። ከዚያ ዝም አሉ።

ውዳሴ ቀና ብላ አየቻቸው። እማዬ ተኝተዋል። መጽሐፉ ደረታቸው ላይ ከፍ ዝቅ ይላል።

«ኡፍ!» አለች ውዳሴ። ግን በጣም በቀስታ ነው ያለችው።

መጽሐፉን ቀስ ብላ አነሳች። ብርድ ልብሱን ጎተተችና የእናቷን እግር ሸፈነች።

ማንም አልላካትም።