ከወንዙ ወዲህ የተቀበረው ፈንጂ

ሻለቃዋ ጧት ስትጠራ ሬሳው በካርታ ክፍሉ ወለል ላይ፣ ከመሰላሉ አጠገብ ተዘርግቶ ነበር። ሟቹ የጎረቤት አገር ጦር የላካቸው አዛውንት ካርታ ሠሪ ናቸው። እሳትና ጭድ ሆነው የኖሩት ሁለቱ ጦሮች ቀትር ላይ ድንበሩን አብረው ከፈንጂ ማጽዳት ሊጀምሩ ነበር። አሁን ግን ወታደሮቹ ግቢው ውስጥ ለየብቻ ተሰባስበው በጎሪጥ ይተያያሉ።

ሻለቃዋን «መርፌ» ይሏታል፤ ትንሽ ናት፣ የማትገባበት የለም። ጎንበስ ብላ የመሰላሉን እግር አየች። ወለሉ ላይ ከተበተኑት ወረቀቶች ሁለቱ ከሥሩ ተረግጠዋል።

የክፍሉ ቁልፍ በሦስት ሰዎች እጅ ነበር፤ በኮሎኔሉ፣ በእንግዳው ጦር ሻምበልና በአስተርጓሚዋ። መጀመሪያ አለቃዋን ኮሎኔሉን ጠየቀች።

«ትናንት አመሻሽ ላይ በበሩ ሳልፍ መሰላሉን ሲወጡ አይቻቸዋለሁ» አላት። «ይጠንቀቁ ብያቸው ነበር።»

የእንግዳው ጦር ሻምበል በአስተርጓሚዋ በኩል ተናገረ። «ቀኝ ጉልበታቸው ቆስሎ አይታጠፍም። ከላይ የሚወርድ ካርታ ሲኖር "ልጄ፣ አውርድልኝ" ይሉኛል። የገደላችኋቸው እናንተ ናችሁ።»

«ትንሽ ይታገሡኝ» አለችው።

ሻምበሉ ሲወጣ አስተርጓሚዋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ትናንት አንድ የድሮ ካርታ አገኙ። "የኛ ፈንጂ ከወንዙ ማዶ ያበቃል፤ ከወንዙ ወዲህ፣ የውኃ ጉድጓዱ ዳር የተቀበረው የኛ አይደለም" አሉ። ለኮሎኔሉ ተረጎምኩላቸው። ሌላ ማንም አልሰማም።»

ሻለቃዋ ጉድጓዱን ታውቀዋለች። በዚያ ጉድጓድ ዳር አሥራ አንድ ገበሬዎች በፈንጂ አልቀዋል። በቀብራቸው ላይ ቆሞ ጠላትን የረገመው ኮሎኔሉ ነው፤ እሷንም ለማዕረግ ያበቃት እሱ ነው።

ሦስቱንም ካርታ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«የማይታጠፍ ጉልበት መሰላል አይወጣም» አለች። «ወረቀቶቹም ሰውየው ሲወድቁ ተበትነው ቢሆን ኖሮ ከመሰላሉ እግር ሥር ባልገቡ። መሰላሉ የቆመው ከሞቱ በኋላ ነው። ሲወጡ አየሁ ያለን ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የካርታው ነገር የተነገረውም ለእሱ ብቻ ነው። ጌታዬ፣ የጉድጓዱን ፈንጂ ያስቀበሩት እርስዎ ነዎት።»

ኮሎኔሉ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ጠላት ውኃ እንዳያገኝ ብዬ ነበር» አለ። «ከዚያ የራሳችን ሰዎች ረገጡት። ምን ብዬ ልናገር? ትናንት ካርታውን ስቀማቸው ገፋኋቸው፤ የመደርደሪያው ጠርዝ ጭንቅላታቸውን መታቸው። ካርታውን አቃጠልኩት።»

አስተርጓሚዋ የሻምበሉን ጥያቄ አቀበለች፤ «ታዲያ የጉድጓዱ ፈንጂ የት የት እንዳለ ማን ያውቃል?»

 ሻለቃዋ የኮሎኔሉን ሽጉጥ ተቀብላ ነጭ ወረቀትና እርሳስ ፊቱ አስቀመጠች።

«ይሣሉልን።»

ኮሎኔሉ መሣል ጀመረ፤ ወረቀቱ ግን እየተንሸራተተ አስቸገረው። ሻምበሉ ጥቂት ቆሞ ተመለከተው። ከዚያ ጠጋ ብሎ፣ ፊቱን ሳያይ፣ የወረቀቱን ጠርዝ ያዘለት።