ለሃማዱም የዘገየ ቀልድ

ውሸታም መሆኔን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። አዞ በብስክሌት ጭኜ ወንዝ አሻግሬያለሁ ብዬ ያሳመንኳቸው ሰዎች ዛሬም አሉ። ይሄን ግን... ይሄን ማን ይፈጥረዋል?

የሚያዝያ ዓርብ ነው፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ፀሐይ አናት ትበሳለች።

ቦታው ቦቦ ዲዩላሶ ከተማ፣ እኛ ሰፈር ያለው የተቃጠለ ሲኒማ ቤት።

ደህና በነበረበት ጊዜም ደህና አልነበረም። ጣሪያው ግማሽ፣ ወንበሩ ሱሪ የሚቀድ ብረት። ፊልሙ የሚታየው በኖራ በተቀባ ግድግዳ ላይ ነበር።

የሚያጫውተው ሃማዱም ነው። እሱ ከፉላኒ ጎሳ፣ እኔ ከቦቦ ጎሳ፤ በወጋችን የቀልድ ዘመዳሞች ነን። "አንተ የጠላ ጋን" ይለኛል፣ "አንተ የላም ጭራ" እለዋለሁ። መቀየም ነውር ነው። ፊልም ሲቆረጥ ከታች እሰድበዋለሁ፤ እሱ ከላይ ካለችው የማጫወቻ ክፍል በቀዳዳዋ እጁን አውጥቶ ጣቱን ያወዛውዝልኛል።

እዚያችው ክፍል ውስጥ እሳት በላው።

የሲኒማ ቤቱ ባለቤት አልሃጂ ኑሁን፣ ሃማዱም ሰክሮ ሲጋራ ጣለ ብሎ አስወራ። ጠጥቶ የማያውቀውን ሰው። የሚስቱን የዲኮን ወተት ገበያ ላይ የሚገዛ ጠፋ፤ "የሰካራሙ ሚስት" ሆነች።

ያን ቀን የክፍሏን በር ጓጉንቸር በድንጋይ የሰበርኩት እኔ ነኝ። የተቆለፈው በውጭ በኩል ነበር።

ስናገር ሳቁብኝ። ውሸታም ነኛ።

እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት የቀልድ ዘመዱ የሟቹን ልብስ ለብሶ፣ አረማመዱን እያስመሰለ ቀብር ላይ ያስቃል። ሟች የሚሸኘው እንዲያ ነው። ኑሁን ግን አጣድፎ አስቀበረው። እኔንም ከመቃብሩ በር አስመለሰኝ።

ስምንት ወር ሙሉ ቂሜን እንደ ጥርስ ሕመም ይዤ ዞርኩ።

ያን ዓርብ ኑሁን ወንበሮቹን ሊያይ ብቻውን እንደሚመጣ ሰማሁ። የሃማዱምን ቱታ ከዲኮ ለምኜ ለበስኩ። እሷ ስልኳን ለቀረጻ ከፍታ ወንበር ሥር ተደበቀች።

"ይሄ የሚደረገው መቃብር ላይ ነው" አለች በሹክሹክታ። "የሞተበት ቦታ ከሆነ መሸኘት አይደለም... መጥራት ነው።"

"ከመጣማ ሰላም እለዋለሁ። ዝም በይ አንቺ ወተታም።"

ምነው ባልቀለድኩ።

መሰላሉን ወጣሁ። ክፍሉ ጥቀርሻ ብቻ ነው። ማጫወቻው ተነቅሏል፤ መብራት ከተቆረጠ ስምንት ወሩ።

ኑሁን ቦርጩን አስቀድሞ፣ ቆቡን እንደደፋ ገባ።

እንደ ሃማዱም ሦስቴ ሳልኩ። ቆመ።

እጄን በቀዳዳው አውጥቼ ጣቴን አወዛወዝኩ።

"ማነው?"

"በሩን ክፈትልኝ አልሃጂ... ጭሱ በዛ።"

አቧራው ላይ ቁጭ ብሎ ሁሉንም ለፈለፈ። ሃማዱም ፊልም ከፍቶ ለሶላት ሹልክ እያለ ቢያስቸግረው በላዩ ላይ ይቆልፍበት እንደነበር... ያን ቀን ጩኸቱን እየሰማ፣ ቁልፉን በኪሱ እንደያዘ ሮጦ እንደወጣ...

አንዲት ቃል ሳትቀር ተቀረጸች።

ወረድኩ። ቱታውን አውልቄ ፊቱ ላይ ወረወርኩለት። "እኔ ነኝ፣ አንተ ፈሪ። ነገ ገበያው ሁሉ ይሰማሃል።"

አላየኝም። የሚያየው ከጭንቅላቴ በላይ ነው።

ዲኮ ከወንበሩ ሥር ወጥታ ክንዴን ያዘች።

"ላይ ሌላ ሰው አለ?"

"ማንም የለም።"

"ታዲያ ማነው የሚስለው?"

ዞርኩ።

በቀዳዳው እጅ ወጥቷል። ከሰል የመሰለ። ጣቱን እያጠፈ... ይጠራል።

ኑሁን ተነሳ። እናቱ እንደጠራችው ልጅ ዝም ብሎ መሰላሉን ወጣ። ገባ። በሩ ቀስ ብሎ ተዘጋ።

ጩኸት አልሰማንም።

ወጥቼ ከፈትኩት። ባዶ ነው። መስኮት የለው፣ ሌላ መውጫ የለው።

ሰፈሩ ኑሁን ወደ አቢጃን ኮብልሏል ይላል። ቅጂው ተሰምቷል፤ የሃማዱም ስም ነጽቷል፤ የዲኮ ወተት አሁን ሳይረፍድ ያልቃል።

እኔ ግን ያን ቀን ከመሰላሉ ስወርድ ያየሁት ከዓይኔ አልጠፋልኝም።

በኖራው ግድግዳ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የሰው ጥላ አለ። ቦርጫም፣ ቆብ ያደረገ። በሁለት እጁ የሌለ በር ይደበድባል። አፉ ይከፈታል... ይዘጋል... ድምፅ የለውም።

ዲኮ ወደ ፊት ሄደች። የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ወንበር ጠራርጋ ተቀመጠች።

እግሯን አነባብራ... ታይ ጀመር።