ያልተጠየቁት ጋሼ ኪዳኔ

«መጽሐፉን ሙሉውን ነው እንዴ?» አለች ብሩክታዊት፣ እጇ ኮፒ ማሽኑ ክዳን ላይ እንዳለ።

«ሙሉውን ነዋ! ሃያ ኮፒ። ልጆቹ አሁን ይመጣሉ» አሉ እትዬ ጸዳለ። ለንደን፣ ብሪክስተን ባለው የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ የሚያስተምሩት እሳቸው ናቸው። «የመጀመሪያዋን ቅጠል ተያት። ስም ብቻ ነው ያለባት፤ ወረቀት አታባክኚ።»

ስሙ የጋሼ ኪዳኔ ነው። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ የመጡ፣ ሃክኒ የሚኖሩ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው። መጽሐፉን ራሳቸው ጽፈው ራሳቸው አሳተሙት።

ብሩክታዊት ስድስት ዓመቷ ሳለ ነበር እናቷ ከቅዳሴ መልስ ከእጃቸው የገዛችላት። ወደ ክላፋም ሲመለሱ አውቶቡሱ ፎቅ ላይ፣ ፊተኛው ወንበር ይቀመጣሉ። እናቷ ጣቷን መስመሩ ላይ እያስኬደች ታነብላታለች። ዝናብ ከሆነ መስኮቱ በትንፋሻቸው ይደበዝዛል፤ እሷም ፊደል ትጽፍበታለች። አሁን አብረው ቢሳፈሩም ሁለቱም ስልካቸው ላይ ናቸው።

የመጽሐፉ ታሪክ፣ ባለታሪኳ ልጅ ወንዝ ዳር ስትደርስ ያልቃል። «ክፍል ሁለት መቼ ነው?» ስትላቸው ጋሼ ኪዳኔ «ይሄ ካርቶን መጽሐፍ ተሸጦ ሲያልቅ» ይሏታል። ስምንት ዓመት ሆነው፤ ካርቶኑ አላለቀም። መጽሐፉን የማይወደው የለም፤ ሰው ቤት ያለው ግን ኮፒው ነው።

አራተኛው ገጽ ሲወጣ ማሽኑን አጠፋችው።

«ምነው? ወረቀት ያዘ?»

«አይ እትዬ። ኮፒራይት፣ የደራሲ መብት አለው። የትምህርት ቤታችን ላይብረሪ ሴትዮ ነግራናለች። ለክፍል ትንሽ ቀንጭቦ፣ የጸሐፊውን ስም ጽፎ ኮፒ ማድረግ ይቻላል። ሙሉ መጽሐፍ ከሆነ ግን ባለቤቱን ማስፈቀድ ነው።»

«ወይ ጉድ! እኛ በልጅነታችን አንድ መጽሐፍ ለስድስት ነበርን። ከጠፋም በእጃችን እንገለብጠዋለን። ማን ከሰሰን? ደሞ ኪዳኔ ደስ ይለዋል እንጂ ይቆጣል? የኛው ሰው!»

«የኛው ሰው ስለሆኑ እኮ ነው ማንም ያልጠየቃቸው።»

እትዬ ጸዳለ መነጽራቸውን አወለቁ። «ሌባ ነሽ በይኛ!»

ብሩክታዊት ለትልቅ ሰው እንዲህ መልሳ አታውቅም፤ ነገ ለእናቷ መነገሩም አይቀርም። «እኔም አለሁበት እትዬ። አምና ለጓደኞቼ ለነቲጂ ሙሉውን ኮፒ ያደረግሁላቸው እኔ ነኝ።»

ብሩክታዊት ሁለት ገጽ ለየች፤ ግርጌው ላይ የመጽሐፉን ርዕስና የጋሼ ኪዳኔን ስም በእስክሪብቶ ጻፈች።

«ይሄን ላባዛው?»

«አባዢ እንግዲህ!» አሉ፣ እንደተቆጡ።

ሃያው ከወጣ በኋላም አልሄደችም።

«የጋሼን ቁጥር ይሰጡኛል?»

«ምን ልትዪው?»

«የአምናውን ልነግራቸው።»

እትዬ ጸዳለ አዩዋት። ቁጥሩን አወጡና ስልኩን አቀበሏት።

ሦስቴ ጠራ። «አቤት፣ ማን ልበል?»

«ብሩክታዊት ነኝ ጋሼ። ጊዜ አለዎት?»