ጉብታው ላይ ማንም አልቀረም

ነሐሴ 12 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ከአዳማ ወጡ። ፒክአፑን ያቤጽ ይነዳል። ከጎኑ ሞባይል ጠጋኙ ጉቱ፣ ከኋላ ፋዲላ ተቀምጠዋል። የፋዲላ ወንድም ደሊል፣ ከጉቱ ጋር ከሠሯቸው ትንንሽ ሬዲዮኖች ጥቂቶቹን ይዞ ሊሞክር ትናንት ቦሰት ተራራ ወጥቶ አልተመለሰም። ጉቱ አብሮት ሊሄድ ነበር፤ ሥራ በዝቶበት ቀረ።

ከተራራው ሥር ኦቦ ጀቤሳ የሚባሉ ሽማግሌ ተቀላቀሏቸው። ደሊል ወደ ተራራው ጀርባ ሲያልፍ አይተውታል። እዚያ ስልክ አይሠራም። ሬዲዮኖቹ ግን የስልክ ማማ አይፈልጉም፤ አንዱ ከሌላው እየተቀበለ ድምፁን ያሻግራል።

«ሳሙና ነው የምታክለው! ዝናቡ አያሟሟትም?» አለ ያቤጽ፣ የተሰጠችውን ሬዲዮ እያገላበጠ። ማንም አልሳቀም።

«አንተ መኪናው ጋ ጠብቅ» አለው ጉቱ። «ኦቦ ጀቤሳ፣ እርስዎ አንዱን ሬዲዮ ይዘው እዚያ ከፍ ያለው ጉብታ ላይ ይቆማሉ። የእኛ ድምፅ ለያቤጽ የሚደርሰው በእርስዎ በኩል ብቻ ነው። እባክዎ እንዳይነቃነቁ። ፋዲላ፣ ከስልክሽ በሬዲዮኑ በኩል ፎቶ እንዳትልኪ፤ መስመሩን ያጨናንቀዋል።»

«እሺ ልጄ፣ እንደ ድንጋይ ነኝ» አሉ ሽማግሌው።

ጉቱና ፋዲላ ጉብታውን አልፈው ቁልቁል ወረዱ። ዝናቡ ጥቁሩን ድንጋይ አሙለጭልጮታል። ፋዲላ ወድቃ ጉልበቷ ደማ፤ ተነሥታ ቀጠለች። ጉም ሲወርድ የሬዲዮኑ ድምፅ ሳሳ። ጉቱ በየድንጋዩ ላይ እየወጣ «ይሰማል?» ይላል፤ ያቤጽ ከሩቅ «ይሰማል» ይላል።

ከፊታቸው ሁለት ጅቦች አንድ ስንጥቅ ውስጥ ቁልቁል እያዩ ቆመዋል። ጉቱ ድንጋይ እየወረወረ ሮጠባቸው። ስንጥቁ ውስጥ ደሊል ነበር።

«ዘገየህ» አለው ደሊል። እግሩን ያሰረበት ሸሚዝ በደም ርሷል።

ከታች ውሃ ገና ያልሞላው የወንዝ መንገድ ይታያል፤ መኪና ያስገባል። ጉቱ ሬዲዮኑን አነሣ። «ያቤጽ፣ አገኘነው! መኪናውን በ—»

ፋዲላ ከእግሩ የወጣውን አጥንት ያየችው ያን ጊዜ ነው። «ኡኡ! ወንድሜን!»

ጩኸቷን ገደሉ አስተጋባው። ከጥቂት ቅጽበት በኋላ ሬዲዮኑ ጸጥ አለ። ጉቱ ደጋግሞ ተጣራ፤ መልስ የለም። ከዚያ ኦቦ ጀቤሳ ዱላቸውን ከፍ አድርገው፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ ከጉሙ ውስጥ ወጡ።

«ማነው የነካችሁ?»

«ኦቦ ጀቤሳ! ጉብታውስ?»

ሽማግሌው ዞረው አዩ። ዱላቸው ቀስ ብሎ ወረደ።

«ኡኡታ ሰምቼ እንዴት ልቁም፣ ልጄ?»

ሽማግሌው መልሰው ወደ ጉብታው ዳገቱን ሮጡ። ያቤጽ ግን «አገኘነው» የሚለውን ብቻ ሰምቶ፣ ዝም ሲሉበት ጊዜ በመሰለው መንገድ ተራራውን ዞሮ ሄዷል። ሬዲዮኑ አልደረሰበትም። ደሊልን በጋቢ ተሸክመው ወጡ። አስፋልቱ ከመታየቱ በፊት ደሊል በጉቱ ትከሻ ላይ ሕይወቱ አለፈ።

ለቅሶው ላይ ኦቦ ጀቤሳ ከድንኳኑ ውጭ ቆመው ቀሩ። ጉቱ ወጣና እጃቸውን ይዞ አስገባቸው፤ ከጎኑም አስቀመጣቸው።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አላቸው። «ኡኡታ ሰምቶ የሚቀር ሰው አለ ብዬ ነው አንድ ሰው ብቻ ያቆምኩት።»

ከዚያ ወዲህ ጉቱ የጠፋ ሰው ፍለጋ ሲወጣ በእያንዳንዱ ጉብታ ላይ ሁለት ሰው ያቆማል፤ አንዱ እንዲሮጥ፣ አንዱ እንዲቀር።