ከባዶው ካሶኒ የወረደው

የጠንቋይ ደጃፍ ረግጬ አላውቅም፣ ዛር ሰፍሮበታል ከተባለ ሰው አጠገብ ተቀምጬም ልቤ ደንግጦ አያውቅም፤ በልጅነቴ ዜማ ቤት ያደግሁ ነኝና፣ የሙታን ነፍስ በፈጣሪዋ እጅ እንጂ በመንገድ ዳር እንደማትንከራተት መምህሬ አስተምረውኛል፣ እኔም ይህንኑ ለልጆቼ ሳስተምር ኖሬያለሁ። ስለዚህ የማወራችሁን እንደ ተረት አትስሙት፣ እንደ ስብከትም አትውሰዱት፤ አንድ የመካነ ሰላም ሽማግሌ የደረሰበትን ሳይጨምር ሳይቀንስ ነገረን በሉ።

ዘመኑ የጦርነት ነበርና ከዜማ ቤት ወጥቼ ወታደር ሆንሁ፣ ከወታደርም አየር ወለድ፤ ይመርን ያገኘሁት እዚያ ነው። የከላላ ልጅ ነው፣ ለእናቱ አንድ፣ ቀልድ የማያልቅበት። ከአውሮፕላን ልንዘል ስንሰለፍ፣ ከኋላ ያለው ሰው የፊተኛውን ጃንጥላ ይፈትሽና ደህና ከሆነ ትከሻውን ሁለት ጊዜ መታ መታ ያደርገዋል፣ የእኔን ጀርባ ሁልጊዜ የሚፈትሸው ይመር ነበር። «አንተ ደብተራ፣ ጸሎቱን ለራስህ ብቻ አትድገም፣ ለእኔም አንድ ሁለት ቃል ጣል አድርግልኝ» ይለኝ ነበር። የመጀመሪያውን ዝላይ ከመዝለላችን በፊት የክርስትና ስማችንን ተነጋገርን፤ ካህኑ ለሙት ፍትሐት የሚያደርሰው በዓለም ስሙ ሳይሆን በክርስትና ስሙ ነውና፣ ከሁለታችን አንዱ ቢቀር የተረፈው ስሙን ለቤተ ክርስቲያን ሊሰጥ ቃል ተገባባን።

ይመር የቀረው ስናፈገፍግ ነው። ጭኑን ተመታ፣ ከማለዳ እስከ ቀትር ተሸከምሁት፣ ጉልበቴ ሲከዳኝ ከአንድ ቋጥኝ ጥላ ሥር አስተኛሁትና ውኃ ይዤ እመለሳለሁ አልሁት። ውኃውን አግኝቼ ነበር፣ ኮዳዬም ሞልቶ ነበር፤ ነገር ግን ተኩሱ ቀረበ፣ ሰዉ ሮጠ፣ እኔም አብሬ ሮጥሁ። ሲሞት አላየሁም። ከዚያ ቦታ በሕይወት የተነሣ እንዳልነበረ ግን በኋላ ሰማሁ።

ጦሩ ሲበተን አገሬ ገብቼ ወደ እናቱ ሄድሁ። መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ጎረቤት ተነግሮ፣ ጎህ ሲቀድ ነው። እኔ ግን ጥፋቴን የሚሰማ ሰው እንዳይኖር ፈልጌ ብቻዬን ሄድሁ፣ ስሕተቴም እርሱ ነው። እማማ ሙሉ ገና ከደጃፍ ሲያዩኝ አቅፈው ሳሙኝ፣ እግሬን አጠቡኝ፣ አንተ ከመጣህ እርሱም መንገድ ላይ ነው አሉኝ። አፌም «ተማርኮ ነው፣ ደህና ነው፣ ይመጣል» ሲል ሰማሁት።

ከዚያ ወዲያ ስሙን ለካህን መስጠት አልቻልሁም፤ ፍትሐት ካለ ለቅሶ አለ፣ ለቅሶ ካለ እርሳቸው ይሰማሉ። አይሱዙ ይዤ በመካነ ሰላም፣ በወረኢሉና በከላላ መካከል ስመላለስ ዕድሜዬ አለቀ። በዚያ ባለፍሁ ቁጥር ዘይትና ስኳር አደርስላቸዋለሁ፣ ባደረስሁ ቁጥርም «ወሬ አለ?» ይሉኛል፣ እኔም አይጠፋም እላለሁ። ዓይናቸው ከጠፋ በኋላ እንኳ በራቸውን ሳይዘጉ ይውሉ ነበር።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በፍልሰታ ጾም፣ ከቀትር በኋላ፣ እህል ልጭን ባዶ መኪና ይዤ ብቻዬን ወደ ከላላ እወርድ ነበር። ጉሙ ድንገት ወደቀና መብራት አብርቼ መዳህ ጀመርሁ። መጀመሪያ ከኋላ፣ ጭነት በሚጫንበት ካሶኒ ላይ አንድ ነገር ተንቀጫቀጨ፤ ሰንሰለት ነው ብዬ ቆሜ አየሁ፣ ካሶኒው ባዶ ነው፣ ሰንሰለቱንም አጥብቄ አሰርሁት። ጥቂት እንደሄድሁ፣ ሰው እግሩን እየጎተተ መጥቶ ጋቢናውን ተደግፎ ሲቀመጥ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ሰማሁ፣ ቀጥሎም ሳል። አንድ ገበሬ ዳገት ላይ ተንጠላጥሎ ይሆናል አልሁ፣ እንዲሆንም ፈለግሁ። መስተዋቱ የሚያሳየኝ ጉም ብቻ ነበር።

ወደ እማማ ሙሉ ቀበሌ የሚወስደው መገንጠያ ላይ ስደርስ፣ ከጀርባዬ፣ በግራ ትከሻዬ አንጻር፣ ቆርቆሮው ሁለት ጊዜ ተመታ። ወራጅ ሲደበድብ አውቃለሁ፣ ስንት ዓመት ሰምቼዋለሁ፤ ይህ ግን ድብደባ አልነበረም፣ መታ መታ ነው። እግሬ ፍሬኑን ያዘ። መኪናው ሰው ሲወርድለት እንደሚቀለው ቀለል ሲል ተሰማኝ፣ መሬቱም ላይ አንድ ድምፅ ወደቀ፣ ሁለት እግር ገጥሞ በአንድ ጊዜ ሲያርፍ የሚሰማው። እንደዚያ መውረድ የተማርነው በማሠልጠኛ ነው። ወርጄ ዞርሁ። ጭቃው ላይ ሁለት የከስክስ ጫማ ዱካ ጎን ለጎን ገጥሞ ታትሟል፣ ውኃ ቀስ እያለ ይሞላዋል፤ ወደዚያ የመጣ ዱካ የለም፣ ከዚያ የሄደም የለም።

መኪናውን እዚያው ትቼ በእግሬ ሄድሁ፣ ዛሬ ካልተናገርሁ መቼም አልናገርም ብዬ። እማማ ሙሉ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል፣ በድምፄ ለዩኝ፣ አጎዛው ላይ ተቀመጥሁ።

«እማማ፣ ይመር አልተማረከም» አልኋቸው። «ቆስሎ ነበር፣ ውኃ አመጣልሃለሁ ብዬ ጥዬው ሸሸሁ።»

እርሳቸውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ቀስ በል ልጄ፣ ይሰማሃል» አሉኝ።

ማን ነው የሚሰማኝ፣ ብቻዬን ነው የመጣሁት አልኋቸው።

«ዓይኔ ነው እንጂ ጆሮዬ አልጠፋም። ሁለት ሆናችሁ ነው የገባችሁት፤ አንተ ተቀመጥህ፣ እርሱ ቆሟል። አብሽር፣ አልተቀየመህም። ፈቀቅ በልለት።»

እመኑኝ፣ ፈቀቅ አልሁ። ይህን ያህል ዘመን ቤተ ክርስቲያን የቆምሁ ሰው ለባዶ ቦታ ፈቀቅ አልሁ። እርሳቸውም ግድግዳውን እየዳበሱ ወደ እንስራው ሄዱ፣ ጣሳ ሞልተው ተመለሱና በእኔ ፊት ሳይሆን ከአጠገቤ፣ በለቀቅሁት ቦታ ፊት አስቀመጡት። «ጠጣ፣ መንገዱ እሩቅ ነው» አሉ። ለእኔ አልነበረም። ስወጣ ጣሳው ጎድሎ እንደሆነ ለማየት አልደፈርሁም፣ ጭቃውንም ዳግመኛ አላየሁም፣ መኪናዬን አዙሬ ባዶዬን ተመለስሁ።

እማማ ሙሉ በመስከረም ዐረፉ፣ ለልጃቸው አንድ ቀን ሳያለቅሱ። በአርባቸው፣ ካህኑ ከእርሳቸው ጋር በጸሎት የሚታሰብ የቤተሰብ ሙት እንዳለ ጠየቁ፤ የይመርን የክርስትና ስም ከእኔ በቀር የሚያውቅ በምድር ላይ አልቀረም። ስሙን ብሰጥ፣ እናቱ ውኃ ያቀረቡለትን ሰው በገዛ አፌ ሙት ማለቴ ነው፤ ባልሰጥ፣ ከዚያ ቋጥኝ ሥር ለሁለተኛ ጊዜ ጥዬው መሸሼ ነው። ካህኑ ነገር እንዳለኝ ከፊቴ አንብበው ኖሮ ወደ እኔ ዘወር ብለው ጥቂት ጠበቁኝ።

ከዚያም በእናቱ ስም ብቻ ጸሎቱን ቀጠሉ።